ኮሊምቡስ በደረቅ ወደብ

ኮምቦልቻ ወደብ አለ፣ መርከብ ያልደረሰበት፣
ማዕበሉ አቧራ የሆነ፣ ዓሣም ያልዋኘበት።
«ደረቅ ወደብ» ይሉታል፤ ስሙን ሳነብ አንዳንዴ
ውሃውን ማን እንደጠጣው እጠይቃለሁ በሆዴ።

እዚያ ነው እንጀራዬ፤ የፈታሽ ወንበር ላይ፣
ማኅተም በቀኝ እጄ፣ በግራ የቀዘቀዘ ሻይ።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት አንድ ኮንቴይነር ተከፈተ፤
ለትምህርት ቤት የተላከ መጽሐፍ ተጎተተ፤
ግማሹን ሻጋታ የበላው፣
ግማሹ ሽፋኑን የጣለው፤
«ያገለገለ» ብዬ ሞላሁ፤
ቅጹ ለሐዘን ቦታ የለው።

ከመሐል አንዱን ገለጥኩት፤ የወፎች ስም መዝገብ ነው፤
አንዱን ስም በቀይ እርሳስ፣ አንባቢ እንዳይስተው፣
ከበውት፣ ደግሞ ሰርዘውት፦
ኮሊምቡስ።
አፌ ላይ ስጥለው ጊዜ እንደ ጉድጓድ ጠጠር
ገብቶ፣ ጠፍቶ፣ ቆይቶ፣ ቡጭ የሚል ነገር።

ሐዋ ከጎኔ ሳቀች፤ «አሁን ይሄ ምን ይነበባል?
ክፈቺ፣ ቁጠሪ፣ ዝጊ፤ መኪናው ደጅ ይጠብቃል።»

ትርጉሙ በግሪኮች አፍ «ጠላቂ» ማለት ነው አሉ፤
ከባሕር ፊት ተሰውረው፣ ዓሣ ይዘው ለሚወጡ ሁሉ።
ከዚያ ጠብ ተነሣ። በአንዱ አህጉር ያሉ ሊቃውንት
ለአንድ ዘር ሰጡት፤ ማዶ ያሉት ለሌላ ዘር አደሉት፤
አንዱ «ኮሊምቡስ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው ሌላ ወፍ ያያል፤
አንድ ጋቢ ሁለት ብርዳም ስንት ሌሊት ያቆያል?
በመጨረሻ ጉባኤ ተቀመጠ፤ ለአንዱም አልፈረደ፤
ስሙን ራሱን ሰረዘው፤ ሁሉም ባዶ እጁን ሄደ።
ወፎቹ ግን ያን ዕለትም ጠለቁ፤ ያን ዕለትም ወጡ፤
ስም መነጠቃቸውን ማን ነግሯቸው ይቆጡ?

አባቴ ይመር ሙሄ የአሰብ ሹፌር ነበር፤
ጨው በጢሙ ይዞ ይገባል፣ ግሪስ በጥፍሩ ሥር።
ስለ ባሕር ስጠይቀው ስፋቱን አያወራ፤
«አንዲት ወፍ አለች» ይላል፣ እጁን አንሳፍፎ እንደ አሞራ፤
«ክንፏን ከትታ፣ ቢላዋ ሆና፣ ውሃው ላይ ትወድቃለች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትቆጥሪያለሽ፤ ሞተች ስትዪ፣ አለች።»
«ስሟስ?» ስለው፣ «እኔ እንጃ! ማንን ብዬ ልጠይቅ?
የጭነት ወረፋ ይዤ፣ እኔ የማውቀው ስትጠልቅ።»

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ።
ኤንትሬው ጓሮ ቆመ፤ ዶሮ ጣለችበት እንቁላል፤
አባቴን ግን ሰፈሩ ዛሬም «የአሰብ ሹፌር» ይለዋል።

ደንቡ አይፈቅድም፤ ቢሆንም መጽሐፉን ለአንድ ማታ
በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ፤ ዘበኛው አለፈኝ በዝምታ።
አባቴ መነጽሩን አጠለቀ፤
ሥዕሉን አየ፤ ቆየ፤ ራሱን ነቀነቀ።
«ይቺ'ኮ ውሃው ላይ ተንሳፍፋ፣ ከዚያው ነው የምትገባ፤ ዳክዬ ናት፤
የኔዋ ከሰማይ ነው የምትመጣ፤ ስም አትለጥፊባት።»

አፈርኩ። የሊቃውንቱ ጠብ በኔው ቤት ተደገመ፤
ወፏን ያየው ዝም ብሎ፣ ስም የያዘው ቀደመ።

ደጅ ወጥተን ተቀመጥን። የፈረቃው ደወል ተሰማ፤
ቦርከና ከድልድዩ ሥር ጭቃ ይጎትታል በጨለማ፤
በደሴ ዳገት በኩል የቀረ ቅላት አለ፣
አባቴ ወደዚያ እያየ፣
«ለፀሐይ» አለኝ፣ «ሰጠመች አንልም፤
ጠለቀች ነው የምንለው፤ ነገ ሳትወጣ አትቀርም።»

ከዚያ እጁን አነሣ። አንሳፈፈው ከራሱ በላይ።
ክንፉን ከተተ። ጣለው፤ ጭኑ ላይ።

አንድ አልኩ በልቤ። ሁለት። ሦስት። አራት።
እጁ አልተነሣም።
አምስት ላይ ያንቀላፋ መሰለኝ፤ ቆምኩ።

«ቁጠሪ እንጂ» አለኝ።