ዋና ቁልፍ

ከዚራ፤ ከሰዓት በኋላ። መብራት ከሄደ ቆይቷል፤
ማራገቢያው ጣራው ላይ ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል፤
የኮምፒውተሬም ፊት ጨልሟል።
ይሁን፤ ደብተር አለኝ፣ እርሳስና ማስመሪያ፤
ለልብሶቼ መረጃ ቋት ይበቃል ለመጀመሪያ።

ቁምሳጥኑን አልጋው ላይ ዘረገፍኩት፤
የባቡር ጣቢያ ጓዝ መስሎ አየሁት።
ትናንት በሐሳቤ አንድ ሰንጠረዥ ነበር፦
ስም፣ ቀለም፣ ልክ፣ ዋጋ፣ የተገዛበት ሰፈር።
ግን ሰባቱም ሸሚዞች ከታይዋን ተራ ናቸው፤
ሰባት ጊዜ «ታይዋን» ብዬ ልጻፍላቸው?
እንደ ተቀጣ ተማሪ?
አይሆንም። አንድ ነገር አንዴ ይጻፍ፣
ሌላው በቁጥሩ ይጥራው፤
ስሙ የተቀየረ ዕለት አንድ ቦታ ብቻ ላርመው።

ስለዚህ ለያየሁ። ልብስ ለብቻው፣ ገበያ ለብቻው፤
ሰፊም የራሱን ገጽ አገኘ፣
ምንም እንኳ ረድፉ አንድ ቢሆን፦
አው ዘከሪያ፤ ሐረር፣ መኪና ግርግር፤
መርፌ በከንፈሩ ይዞ ስለ ሰው ጋብቻ የሚናገር፣
ልክ በሜትር ሳይሆን በዓይኑ የሚወስድ፣
«ትወፍሪያለሽ» ብሎ ሁለት ጣት ትርፍ የሚተው በግድ።
ከእሱ ወደ ልብሶቹ ቀስት ሳልኩ፤ አንድ ለብዙ።
ቀላል ነው፤ እንደ አባትና ልጆቹ ነው መያያዙ።

ያስቸገረኝ ድግሱ ነው።
አንዱ ቀሚስ አምስት ሰርግ ሄዷል፤
በአንዱ ሰርግ ሦስት ቀሚስ ቀይሬያለሁ፤ ማን ይፈርዳል?
ብዙ ለብዙ። በቀጥታ አይገናኙም፤
ገጽ ለገጽ ቢተያዩ አይስማሙም፤
መሃላቸው ሽማግሌ ይቀመጣል፦
ጠባብ ሰንጠረዥ፣ ሁለት ቁጥር ብቻ የያዘ፣
የራሱ ጉዳይ የሌለው፣ በሰው ጉዳይ የተያዘ።

እስከዚህ ድረስ ማስመሪያዬ አልተንሸራተተም።

ከዚያ ኢራዙ መጣ።
አልጋው ላይ የለም፤ ግን መጣ።
የእናቴ ቀሚስ፣ ባለ ሁለት ፊት፤
በዚህ ጥቁር፣ ሲገለብጡት ቀይ፤
ቀለም የሚለው ዓምድ ደግሞ ከአንድ ቃል በላይ አይችልም።
አንድ ረድፍ ነው ሁለት?
አንድ ጨርቅ፣ አንድ ስፌት፣ ሁለት ጠባይ።
«ለሁለታችሁ» ነበር ያለችው፤
እኔና ነጂባ በሳቅ ተካፈልነው፦
ጥቁሩ ለእኔ፣ ቀዩ ለእሷ፤
መቀስ የማይደፍረው ውርስ።
በፌስታል ታስሮ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንቴ ወጣ፣ ስንቴ ወረደ!
«ያ ቀሚስ ነው?» ይል ነበር ረዳቱ፣ ወንበር ስር እየሰደደ።
ከዚያ ተኳረፍን። ሁለት ዓመት።
ለምክንያቱ ዓምድ አላወጣሁለትም።

«ያለበት ቦታ»፤ ምን ልሙላ?
ባዶ ተውኩት።
ባዶ ዜሮ አይደለም። ዜሮ የለም ማለት ነው፤
ባዶ ግን፦ አለ፣ እኔ አላውቅም።

«ሰዎች» ከሚለው ገጽ ነጂባን ልሰርዛት እርሳሴን ገለበጥኩ፤
ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ፦
ቁጥሯን የሚጠራ አንድ ረድፍ እንኳ ሌላ ገጽ ላይ ካለ
ስሟ አይነሳም።
ኢራዙ ይጠራታል። ስድስት ድግሶች ይጠሯታል።
ይህ ጫፉ የተተለተለ ሻሽ እንኳ፣ ከእሷ የሰረቅሁት፣
ይጠራታል።

የቀረኝ ዋናው ቁልፍ ነው፤
አንዱን ልብስ ከሌላው የሚለይ፣ የማይለወጥ ነገር።
ቀለም ይለቃል። ልክ? አው ዘከሪያን ጠይቁ።
ባለቤት ያኮርፋል።
ግን እሱ የሰፋው ሁሉ ከእጥፋቱ ውስጥ ምልክት አለው፤
በአረንጓዴ ክር፣ ለዓይን ያልታሰበ፣
ለእያንዳንዱ የተለየ የስፌት ቁጥር።
የእናቴንም የሰፋው እሱ ነው፣ ጢሙ ጥቁር ሳለ።
በጣቴ እየዳበስኩ ሁሉንም ቆጠርኩ፤
አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት…
አንድ ቁጥር ጎደለኝ።

ስልኩ ላይ ጥቂት ባትሪ አለ። ደወልኩ።
«ነጂባ፤ ልልበሰው ብዬ አይደለም፤
ይቅርታ ልበል ብዬም… ቆይ፣ እሱን በኋላ።
የኢራዙን ጫፍ ገልብጪና አረንጓዴውን ስፌት ቁጠሪልኝ።»

ዝም አለች።
የቁምሳጥን በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።
«አቦ፣» አለች፣ «በየትኛው ፊት?»