የሬሳ በር

በዮርክሸር ኮረብታ፣ ካፊያው ሲያንጠባጥብ፣
ባለ ክዳኑ በር፣ ከመቃብሩ ቅጥር አጠገብ፣
አራት ሰዎች ቆሙ፤ ሳጥኑን አወረዱ፣
ቄሱ ብቅ እስኪሉ ትንፋሽ ሊወስዱ።

ሟቹ ካበኛ ነው፤ ክሌመንት ኦልድሮይድ፣
ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲያዋድድ
ስልሳ ዓመት የኖረ።

ሚስቱ ሄስተር ከሳጥኑ ግርጌ ቆማለች፤
አርባ ዓመት ለመንደሩ ልጆች ፊደል ያስቆጠረች።
ጓንቷን አውልቃ ያረጀውን ምሰሶ ነካች፤
ለማንም ሳይሆን፣ ለዝናቡ አወራች፦

«ይህ በር ‘ሊች’ ይባላል። በጥንት ሰዎች ቃል
ሊች ማለት ገላ ነው፤ መልክ፣ ቁመና፣ አካል፤
እስትንፋስ የሸሸውም በዚሁ ይጠራል።
ኋላ ቃሉ አረጀ። ለብቻው መቆም አቃተው፣
ከሌሎች ቃላት ወገብ ተንጠልጥሎ አገኘነው።
‘ች’ እንደ ጥርስ ወለቀች፤ ‘ሊ’ ብቻ ቀረ፣
በየአፋችን ጫፍ ላይ እየተጎተተ ኖረ።

‘ስሎውሊ’ ስንል፣ ዝግ ያለ ገላ ነው።
‘ፍሬንድሊ’፣ የወዳጅ ገላ።
‘ዴይሊ’፣ የቀን ገላ፤
ጋዜጣ አዳዩ ልጅ በጠዋት ደጃፍ ጥሎት የሚሄደው።»

«‘አግሊ’ስ፣ መምህርት?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣
ሰዝ፣ የኋላ ወንበሩ፣ ዛሬም ያልበረደ ጉዱ።
«የፍርሃት ገላ» አለች፤ «በመርከበኞች አፍ
ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጣ።»
«‘ፋሚሊ’ስ?»
«እሱ ዘመድ አይደለም። መልኩ ነው የመሰለ፤
ከላቲን አገር መጥቶ እዚህ የተጠለለ።»

ሰዝ ሊስቅ ፈለገ። ሳጥኑን አየና ተወው።
ክዳኑን ያንኳኳል ዝናቡ፣
ማንም ሳይከፍትለት።

ቄሱ መጡ። «አንድ፣ ሁለት»፣ ሳጥኑ ተነሣ።
ትከሻ ላይ ሲወጣ እንጨቱ ትንሽ አቃሰተ።

ሄስተር ከበሩ ሥር ለአፍታ ዘገየች፣
አንዲት ቃል እንደ ጠጠር በምላሷ አገላበጠች።
‘ኦንሊ’።
ብቻ።
‘አንድ’ እና ‘ገላ’።

ይህን ለማንም አልተነተነች።
እሱ የካበውን አጥር በባዶ እጇ እየዳሰሰች፣
ከአራቱ ሰዎች ኋላ፣
በዝግታ ሄደች፤
ዝግ ባለ ገላ።