አንዲት ቃል ስተረጉም

ዊኒፔግ፣ በጥር፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
ጧት የተጠረገው ደረጃ ላይ ዳግም በረዶ።
የሜኖናይቶች ጡብ ቤት፤ ምድር ቤቱ ማሞቂያ ያጓራል፤
ፓስተር ዊብ በአንዲት ቃል ይጀምራል፦
«ሳንክቹዋሪ። ንገራት።»
እኔ በሰዓት ተከፋዩ አስተርጓሚ፣ ብዕሬን ነክሼ ቀረሁ፤
ለወይዘሮ ዘርፌ ከየትኛው ኪሴ ቃል አወጣለሁ?

«መቅደስ» አልኳት መጀመሪያ። ደንግጣ ተነሣች፣
ጫማዋን አውልቃ ወደ በሩ ሸሸች።
«ታቦት የሚያርፍበት፣ ቄስ እንኳ ጦሞ የሚገባበት፣
እኔ ሴቲቱ ፍራሽ ላነጥፍበት?»
ፓስተሩ ግራ ገባው። «ምን አልካት?» አለኝ።
ቤታችሁ ከብዷታል ልለው ፈለግኩ፤ እንግሊዝኛው አነሰኝ።

«ጥገኝነት» አልኩ ቀጥዬ፤ መንግሥት የሚወደው፣
ከ«ጥግ» የተወለደ፣ ዝናብ ያባረረው ሰው ግድግዳ ሥር ቆሞ የለመደው።
ሣቀች። «ጥገኛማ ትል ነው፣ በሰው አንጀት የሚኖር፤
እኔ አራት ዓመት ሙሉ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ፣ ዶሮ ስበልት ነበር።»

ያኔ ትዝ አለኝ አባቴ ያለኝ፦ ደም ያለበት ሰው
ሮጦ የደብሩን ደወል ከመታ፣ ማንም እንደማይደርሰው፤
አሳዳጁ ጦሩን ተደግፎ ከቅጽሩ ውጭ ያድራል፣
ሲበርደው ይሄዳል፤ ካልሄደም ያስነጥሳል።
«ተማፀነ» ይሉታል እንዲህ ያለውን።
ሥሩን ብቆፍረው፣ ግዕዙ ዘንድ፣ አገኘሁ «ማኅፀንን»።

ነገርኳት። ዝም አለች። ማሞቂያው ብቻ አጓራ።
«ይኼንንማ አውቀዋለሁ» አለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አኑራ፤
«ሦስት አሳድሬበታለሁ፣ ኪራይ ሳልቀበል፣
አንዱንም ከየት መጣህ፣ ወረቀትህ የታል ሳልል።»

«ገባት ወይ?» አለኝ ፓስተሩ፣ ቅጹን እያጠፈ።
አዎ አልኩት። በጠባቡ መስኮት የመኪና ጎማ ይታያል፣ በረዶ የታቀፈ።
ሁለት ቀኑ ነው እዚያው፤ ሞተሩ አይጠፋም፤
የድንበር ፖሊስ ነው አሉ፤ እስከ በሩ ግን አልገፋም።

ዘርፌ ጫማዋን ሳታጠልቅ ፍራሹን ዘረጋች፣
ወደ ጥጉ አስጠግታ።
«አንዲት ቃል፤ ሁለት ሰዓት» ብዬ
ሒሳቤን ጻፍኩ ማታ።