እጅ ማውጣት

በሃውታላምፒ መንደር፣ ከፊንላንድ ጫካ ጥግ፣
ጥድ አክስሎ ቅጥራን መሸጥ ነበር የአባቶች ወግ።
በርሜሎቹ ዘንድሮ ደጅ ቆመው በረዶ ለበሱ፤
መርከቦች ብረት ሆነው የቅጥራን ጥም ረሱ።

የዚያን ምሽት የሰበካው መዝገብ ያዡ እኔ ነበርሁ፤
ብርዱ ያረጋውን ቀለም ከምድጃው ጥግ አሟሟሁ፤
«አጀንዳ አንድ» ብዬም፣ እንዲህ ሲል ቃሉን ጻፍሁ፦
«በሕዝብ ገንዘብ ይቋቋም የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት፤
ሽመና፣ አናጢነት፣ ልጥ ጉንጎና፣
ድሃ በነጻ የሚማርበት።»

ሎቪሳ ቀድማ ተነሣች፣ ያቺ ሸማኔ መበለት፦
«በረዶው ሰባት ወር ነው፣ ሌሊቱም ማለቂያ የለው፤
እጅ ሥራ ካልያዘ፣ ጠርሙስ ነው የሚይዘው።»

ኢቫሪ ከጥግ ሆኖ፣ ፒፓውን እያራገፈ ሳቀ፦
«እናቴ ስትፈትል፣ ማን ፈትኗት ያውቃል?
ማንኪያ ለመጥረብ ደግሞ፣ አስተማሪ ይቀጠራል?
ሙያ በልብ ነው እንጂ፣ በደብተር መች ይሰፍራል?
ለዚህ ግብር ከምከፍል፣ ላሜ ብትሞት ይሻላል።»

ሁሉንም ጻፍሁት። ላሚቱንም።

ሎቪሳ አልተቆጣችም። ከዘንቢሏ አወጣች
አንዲት አሮጌ ቅርጫት፣ ከበርች ልጥ የተጎነጎነች።
«የአፏን ቋጠሮ ማን ያውቃል?»
ዝም። ምድጃው ብቻ ተንጣጣ።
«አባትህ ነበር፣ ኢቫሪ፣ ይህን የሚቋጥረው።
እውነትህን ነው፣ ሙያ በልብ ነው፤
ልቡን ግን የዛሬ ሦስት ዓመት ከነሙያው ቀበርነው።»

መራጩ ሃያ ሦስት ነው። «እጅ አውጡ» ተባለ።
አሥራ አንድ ቆጠርሁ። አንድ ጎደለ።
ያኔ ኢቫሪ፣ ከኪሱ ወጥታ የማታውቀውን፣
መጋዝ ሁለት ጣት የነሣትን ቀኝ እጁን
ቀስ ብሎ እስከ ጆሮው አነሣት።
«ኢቫሪ እጅ ሰጠ!» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር፤
«አወጣ» ልበል «ሰጠ»፣ ብዕሬ አያውቅም ነበር።

በጥር ተከፈተ፣ በአሮጌው ቅጥራን መጋዘን።
መሸመኛ ሁለት፣ አንዱ በውሰት፤
ልጃገረድ አራት፣ ወንድ አንድ፤
ግድግዳው ገና ቅጥራን ቅጥራን የሚሸት።

ኢቫሪም መጣ። መዝገቡ ሁለት ዓምድ አለው፦
«መምህር»፣ «ተማሪ»።
ስሙን ከመስመሩ ላይ ጻፍሁት፣ በሁለቱ መካከል።

የአባቱን ቅርጫት ይዞ፣ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ
ቋጠሮዋን ይፈታል፣ የልጡን መንገድ ተከትሎ፤
ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።
መፍታቱስ ሆነለት። መቋጠሩ ግን እምቢ አለው።
እስከ ፋሲካ ድረስ
የቅርጫቷ አፍ ክፍት ነበር።