የታኘከው ማንገቻ

ከታጁራ ወጥቶ፣ ጨው ሜዳውን አልፎ፣
በአዳል ግመል ጎድን እንደ ሬሳ አርፎ፣
ዓርብ ለገበያ አልዩ አምባ ደረሰ
ዝገት የጠጣ ነፍጥ፣ ሰሌን የለበሰ።
ሐጂ ሱሩር ይዞት ከደጄ አስደገፈ፤
«ፈትሸው፣ ጠይቡ! ስንት ባሕር ያለፈ!
ያንኮበሩ ጌታ ለዘመቻ ሽቶታል፣
ጉሮሮውን ጥረግ፣ ማንገቻው አርጅቷል።»

«የት ተገኘ?» አልኩት። «ከቱና ወንዝ ማዶ፣
ቱርክ በመስኮብ እሳት እንደ ጭራሮ ነዶ።
ወንዙን ተሻገሩ፣ ድል ያደረጉ መስሏቸው፣
በሌሊት ዞረና መስኮብ ከበባቸው።
ከኋላቸው ውሃ፣ ከፊታቸው መድፍ፣
ፈረሱን ጨረሱት እስከ ጆሮው ጫፍ።
ያም የነፍጡ ጌታ አንጀቱ ቢቆርጠው፣
ላንድ ቁራሽ ዳቦ ለጠላቱ ሰጠው።»

ሐጂ ደግ ሰው ነው፤ ነጋዴ ነው ደግሞ፣
ወሬውን ይሸጣል ከዕቃው አስቀድሞ።
አምና ያንዲት ቢላ ታሪክ አውርቶልኝ፣
እጀታዋ ሲፈርስ የእኔው ምልክት ታየኝ።
እሺ ብዬ ሳቅሁና ዘንጉን ሰደድኩበት፤
አፈሙዙ ጎርሷል፣ እርሳስ አለበት፤
ባሩዱ ጠጥሮ፣ ጥይቱ ሳይወጣ፣
ሰውየው አጉርሶት ለመተኮስ ልብ አጣ።
ወይ ጊዜ አጣ፤ እንጃ።

ማንገቻውን ፈታሁ ሌላ ልሰፋለት፤
መሐሉ ጎድሏል፣ ቢላ አልደረሰበት፤
አይጥም አይደለም፤ አይጥ ይሸረክታል፣
ይሄ ግን ታኝኳል፤ የሰው ጥርስ ያስታውቃል፤
ከላይ አራት፣ ከታች ሦስት፣ ጎብጠው እንደ ጨረቃ፣
መካከሏ ባዶ፤ አንዷ ጥርስ ወልቃ።

ይህንን አውቃለሁ።
ከብቱ ባለቀበት፣ ዝናብም ሲታጣ፣
አባቴ ካልጋው ላይ ቁርበቱን አወጣ፤
ፀጉሩን ለበለበው፣ ቀቀለው፣ ቆረሰ፤
ለሰባት ሲያካፍል ለራሱ አልደረሰ።
«ጨው አለው» አለችኝ እኅቴ እያኘከች፤
የተኛንበት ላብ መሆኑን መች አወቀች።

ማታ ሐጂ መጣ። «ማንገቻውስ?» አለኝ።
«ተበልቷል» አልኩትና ሌላ ቃል ቸገረኝ።
አምስት አሞሌ ጨው ቆጥሮ ሰጠኝ ከእጁ፤
ነፍጡ ላንኮበር ነው፣ ነገ ይጭናል ልጁ።
አፈሙዙ ጠርቷል እንደ ጨቅላ ዓይን፤
እጄ ነው የጠረገው፤ ማንን ያገኝ ይሆን?

ያችን የጠፍር ቁራጭ ከወናፌ ጣፍኩ፤
በጥርሱ ቀዳዳ ሲያፏጭ እየሰማሁ
ብረት እቀጠቅጣለሁ።
በልቼም ይርበኛል።