ዜሮ ላይ ያልቆመ ሚዛን

ጠባሴ፣ ጥቅምት ነው። ውርጭ ሣሩን ነክሶታል፤
የበሬሳ ጭጋግ ድልድዩን ልሶታል።
ቅጼ በብብቴ፣ ሚዛን ትከሻ ላይ፣
ቤት ለቤት ስዞር ነው፣ የሚነደውን ላይ።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ እሳት እቆጥራለሁ፤
«ምን ነደደ? ከየት? ለምንስ?» እላለሁ።
(የወር ደመወዝ አለው። ሲመሽ እንደ ማንም
ሻማ ገዝቼ ነው የምገባው እኔም።)

ቁጥር ሠላሳ አንድ፦ ወይዘሮ እታፈራሁ፤
ውሻዋ ታስሯል፤ ቢሆንም ግን ፈራሁ።
በሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ጢሷ ግን ረጅም፤
ድፍድፉ ሲንተከተክ፣ አረቄው ሲያዘግም
በሸንበቆው ጉሮሮ፣ ጠብ… ቆይቶ ጠብ…
ጠርሙሱ አፉን ከፍቶ እንደ ጫጩት ሲራብ።

«እንጨቱ በቀን ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብዬ
ጠየቅኩ እንደ ደንቡ፣ እስክሪብቶ ነቅዬ።
«ኪሎ ለሥጋ ነው። እንጨት በሸክም ነው።
ሸክምም፣ ልጄ፣ እንደ ተሸካሚው ነው፤
የአመለወርቅ ሌላ፣ የእኔ ሸክም ሌላ፣
የአህያዬም ያው ነው፣ ጠግባ ስትውል ሌላ።»

ጭነቱን ጠፍሬ ሰቀልኩት ከሞላው፤
መርፌው ወርዶ ቆመ፣ ሃያ ሦስቱን ሞላው።
ጻፍኩ፦ ባሕር ዛፍ፣ ርጥብ። (ርጥብ ይቀነሳል፤
ውኃውን ለማባረር እሳት ይጨርሳል።)
ኩበት፦ ስድስት ኪሎ። ቅጠል፦ አንድ ማዳበሪያ።
መብራት፦ አንድ አምፖል፣ የጥላሸት ማደሪያ።

«ምንጭ?» ይላል ቅጹ።
«እንጨቱ ከወንድሜ አጥር፤
ኩበቱ ከላሜ፤ ላሜ ደግሞ ከሣር፤
ሣሩ…»
በበሩ ስንጥቅ ጨረር ገብታ ነበር፤
መዳፏን ዘረጋች፣ ልትይዛት ይመስል፦
«ይቺንም በመንጠቆህ እስቲ አንዴ ስቀል!»
«ሌላ» የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ጫርኩ።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ ይተረጎማል፤
ጁል በሚሉት ስያሜ ባንድ ዓምድ ይቆማል።
«ጁል ምንድን ነው?» አለች። አሠልጣኙ እንዳለው፦
«ሎሚ ከመሬት አንሥቶ ወገብ ማድረስ ነው።»
«አንድ ሎሚ?»
«አንድ ሎሚ።»
«እሱን ማን አቃተው!
ይሄስ ሸክም ስንት ነው?»
ደመርኩት፣ አባዛሁት፤
«ሦስት መቶ ሚሊዮን» አልኩ፣ ራሴም ደነገጥኩበት።
«ሦስት መቶ ሚሊዮን ሎሚ!» ሳቋ ሳል አመጣ፤
«ሸዋ ሮቢት ተራግፎ ዳገቱን ቢወጣ፣
አይሞላልህም!»

ሳሉ ሲበርድላት፦
«ከዚያ ውስጥ ለጋኑ የደረሰው ስንት ነው?»
«ከአሥሩ አንዱ ቢሆን ነው።»
«ዘጠኙን ማን በላው?»
«አይጠፋም፣» አልኩ፣ «ጉልበት መልኩን ይለውጣል፤
ግድግዳው ይሞቃል፣ በጣሪያው ይወጣል…»
ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አደረገች፤
«ከዘጠኙስ ጥቂት እዚህ ነው፣» አለች።

ኪሎዋት ላይ ስንደርስ ምላሴ ታሰረ፤
በሥልጠናውም ቀን የጣለኝ እሱ ነበረ።
ዋት ሌላ፣ ዋት ሰዓት ሌላ… እጄን ሳወናጭፍ
ቀደመችኝ፦
«ገባኝ። አንዱ ጠርሙስ ይጨርሳል ባንድ ማታ፣
ሌላው በሳምንቱ፣ ጠብታ በጠብታ።
ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ፣ ሂሳቡም እኩል ነው፤
ቤቴን የሚንጠው ግን ያ ፈጣኑ ሰው ነው።
እሱ የመጣ ማታ ብርጭቆ ያንሰኛል።»
እንዲህ የሚያስረዳ አሠልጣኝ የት ይገኛል?

ከጣሪያዋ በላይ፣ ነፋስ እያፏጨው፣
ትልቁ መስመር ያልፋል፤ ፋብሪካ ነው የሚጠጣው።
ቅጹን አገላበጥኩ፤ «ምንጭ» አለ፣ «ፍጆታ» አለ፤
ለሚያልፈው ግን ዓምድ የለም። እንዲሁ ዘለለ።

እንጨቱን ፈታሁት። ወረደ። መርፌው ግን
ዜሮ ላይ አልቆመም።
ሁለት መቶ ግራም ግድም ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።
አንኳኳሁት፣ ነቀነቅኩት፤ ያው ነው።
ከየትኛው ቤት ነው? ከቄሱ ጓሮ?
ወይስ ከዚያ በፊት፣ ከጠዋት ጀምሮ?

«ሞላው ዝሎ ነው፣» አልኩ፣ «ሸክም በዝቶበታል።»
«እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ሸክሜ ከወረደ ብዙ ቆይቷል፤
ወገቤ ግን አልሰማም።»

«ማስታወሻ» በሚለው ባዶ መስመር ገብቼ
«ሚዛኑ ይታይ» አልኩ። ፈረምኩ። ተነሥቼ
(መለኪያ ሰጠችኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ አልኩ፤ ጠጣሁ)
ወደ ሠላሳ ሁለት፣ ውሻው ሳይጮህ ወጣሁ።