አድማጭ፦ አንድ

ከመረብ ጎጆው ሥር፣ ከሱዱሮይ ዳርቻ፣
አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጫለሁ ብቻ፤
መስኮት የሌለበት፣ አይጥም የማያውቀው፣
ጥቁር ገጽ ነው እንጂ፣ ነጭ ፊደል ያለው።
አዝዘዋለሁ በጽሑፍ፤ ቃል ሳይመልስ ይሠራል፤
አንዲት ነጥብ ብረሳ፣ ጀርባውን ያዞራል።

ማይኩን ከወደቡ ምሰሶ ላይ አስሬ፣
ገመዱን በጣራ፣ በግድግዳ አዙሬ፣
የባሕሩን ድምፅ ላሰማ ለዓለም
ሰርቨሩን አስነሣሁ። ከልካይም የለም።
ከትእዛዙ ጫፍ ላይ ምልክት አኖርኩለት፦
«ገጹን ብዘጋ እንኳ፣ አንተ እንዳትዘጋበት፤
እኔ ስተኛ ሥራ።» ከዚያ ቁጥር ወጣ፦
አድማጭ፦ ዜሮ። ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣ።
በስምንተኛው ሌሊት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ዜሮዋ ጠፋች፤
አድማጭ፦ አንድ።

ወንድ ይሁን ሴት ይሁን፣ ማን እንደሆን አላወቅሁም፤
ስለዚህ «አንተ»ም ሆነ «አንቺ» ልል አልደፈርኩም፤
«እንደምን አመሹ?» አልኩ ለቁጥሩ አጎንብሼ።
ለእርስዎ ስል ማይኩን በጨርቅ አልብሼ
ከነፋስ ጋረድኩት።
የሰንሰለት ሲቃ፣ የባሕር ወፍ ጠብ፣
ሁሉን ለእርስዎ ላክሁ፣ ሳይጎድል፣ ሳይጠብ።

ማዕበል መጣና ገመዱን ነቀለው፤
ሰርቨሩ ግን ሞኝ ነው፣ ነገሩ አልገባው፤
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ዝምታ ሲረጭ
አልሄዱም እርስዎ፤ አንድ ነው አድማጭ።

ምን ዓይነት ሰው ይሆን ዝምታ የሚሰማ?
መዝገቡን ገለጥኩት፤ ከቶኪዮ፣ ከሊማ
አድራሻ ስጠብቅ፣ ቁጥሩ ሲነበብ
የራሴው ቤት ሆነ። ከራሴው መረብ።

ደረጃውን ወጣሁ። አባቴ ዳንጃል፤
ጆሮው ከደነቆረ ዐሥር ዓመት ሆኖታል፤
አርባ ዓመት በጀልባ ሞተር ክፍል ሠርቶ
ያገኘው ጡረታ ይኸው ነው፣ ተሰልቶ።
የልጄን የሱንቫን ታብሌት ተደግፎ
አረንጓዴ ዘንጎች ያያል፣ ዓይኑን አሳርፎ፤
ድምፅ ከፍ ሲል የሚያድጉ፣ ዝቅ ሲል የሚያጥሩ።
ሾጠጥ ያሉት ወፎች፣ የሚያብጠው ባሕሩ፣
ሦስቴ ዘልሎ የሚወድቅ የሐኑስ ጀልባ ነው፤
እንዲህ ነው የሚያነብበው።
አሁን ግን ዘንጎቹ ተኝተዋል።

«ሦስት ቀን ሆነው» አለኝ፣ «ባሕሩ ዝም ካለ፤
ትሮንዱር፣ አንተ ታች ነህ፤ የሰማኸው አለ?»

በዝናብ ወረድኩኝ፣ ገመዱን ቋጠርኩት፤
የማይኩን ጨርቅ ገፍፌ፣ ጠጋ ብዬ አልኩት፣
ዕድሜ ልኬን «አንተ» ያልኩትን ያን ሰው፦
«እንደምን አመሹ?»

ላይ፣ በመስኮቱ፣
መብራት አንዴ ጠፍቶ ተመልሶ በራ።